ከኒሙ ሥር የነበረው አግዳሚ

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ፣ ቅዳሜ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዛሬም እርጥብ ነጠላ ፊቴን በነካኝ ቁጥር ያች ሰዓት ትመጣብኛለች፤ ውሃ የነካው አቧራ ሽታ፣ ከራሴ በላይ በፀሐይ የሚንጣጣው ቆርቆሮ።

ጊዜው ደርግ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለመምህርነት መተማ ዮሐንስ ደረሰኝ። ጋቢ ደርቤ ላደግሁት ለደባርቅ ልጃገረድ መተማ ውጭ አገር ነበረች። ግማሹ ገበያ በዓረብኛ ይጫረታል፤ ሙቀቱ ከእግር ሥር እየተነሣ ጉልበት ይይዛል።

የተከራየሁት ክፍል ሰው ሁሉ ሐጃ ከሚላቸው ነጋዴ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ያስፈልጋል። መሀል ላይ የኒም ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር አግዳሚ፤ አግዳሚው ላይ የሐጃን ሰሊጥ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ከጧት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ባለፍኩ ቁጥር ጨዋታቸው ይቋረጣል። ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም፤ ለእኔ ግን ዝምታቸው ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ መላ ፈጠርኩ፤ በፊታቸው ላለማለፍ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ጧት ከንፈሬን አርጥቤ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በሬን ዘግቼ እጋደማለሁ።

ራስ ምታቱ ሲበረታ አገሩ አልተስማማኝም ብዬ ቆረጥኩ። የተመደበበትን ጥሎ የሄደ መምህር ሌላ ሥራ እንደማያገኝ አውቃለሁ። የታናናሾቼም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ያም ሆኖ እሑድ ጧት ወደ ጎንደር የሚወጣ አንድ ሾፌር እንዲወስደኝ ለመንኩትና ሻንጣዬን አሰርኩ። በዚያች ቅዳሜ ሐጃን ልሰናበት ስሄድ፣ ከደጃፋቸው ላይ መሬቱ ዞረብኝ።

ስነቃ በገመድ አልጋቸው ላይ ነኝ። ነጠላዬን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ፊቴ ላይ ይጥሉታል። በላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ምች ያመጣል ስትል እናቴን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ፈርቼ እጃቸውን ያዝኩ።

«ምች እዚህ አገር የለም» አሉ። «ሙቀቱን አልቻለውም፣ ወደ እናንተ ወጥቷል።»

ከጋኑ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ መለስኩ። ለምን እንደማልጠጣ ጠየቁኝ። ደግመው ሲጠይቁኝ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ነገርኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። የተከናነቡትን ቶብ ሰብስበው ወጡ፤ ድምፃቸው ከደጅ መጣ።

«ተነሡ። ይህ አግዳሚ ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ዳር ነው።»

«ጥላው እኮ እዚህ ነው፣ ሐጃ» አለ ያ እሑድ ሊወስደኝ የነበረው ሾፌር።

«ጥላ ካማረህ ከመኪናህ ሥር ተኛ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ከዚያ አግዳሚው መሬት እየጫረ ሲጎተት ሰማሁ። ሐጃ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ተመልሰው ጣሳውን አፌ ላይ ያዙልኝ።

«አሁን ጠጪ፣ የኔ ልጅ። ግቢው ያንቺ ነው።»

ጠጣሁ። አፈር አፈር የሚል፣ ጥርስ የሚነካ ቅዝቃዜ ነበረው። ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ከውሃው ጋር ወረደ፤ ሌላ ጣሳ ለመንኳቸው።

ሐጃ ካረፉ ቆይቷል። ሲቀበሩ ሩቅ ነበርኩ፤ ወሬውን የሰማሁትም ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደግ ሰው ገጥሞኛል፤ ምሥጢሬን ሳያወጣ ችግሬን ያነሣልኝ ግን ጥቂት ነው።

በዚያች ቅዳሜ ማግሥት ጧት ሾፌሩ ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ። ወጥቼ ስላስጠበቅሁት ይቅርታ ጠየቅሁና እንደማልሄድ ነገርኩት።

«አገሩ ተስማማሽ፣ አስተማሪዋ?» አለ ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«እየተስማማኝ ነው» አልኩት።

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ገብቼ አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ቆሜ ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቼም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳልስብ፣ ሳልሮጥ፣ ግቢውን አቋረጥኩ።