የትኛዋ ልደታ?

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ያን ጊዜ አልቅሼበታለሁ፤ ዛሬ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል።

የምንኖረው ሞላሌ ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ነው፤ የሰፈሩ ሰው የበዓልና የጾም ቀን የሚጠይቀው እሱን ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ስፀንስ ፍርሃት ያዘኝ። የእህቴ ልጅ አከርካሪው ሳይገጥም ተወልዶ ስለነበር "የእኔስ?" የሚለው ሐሳብ እረፍት ነሳኝ። ይህን በእናትየው ደም የሚጠቁም ምርመራ እንዳለ ስንሰማ ደብረ ብርሃን ሄድን።

ነርሷ የወር አበባ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁበትን ቀን ጠየቀችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ስለተቀመጠ አፈርኩ። የልደታ ለት መሆኑን፣ ከቅጥር ውጪ ቆሜ ማስቀደሴን ነገርኳትና አንገቴን ደፋሁ። እሷም ጻፈች። ደሜ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ።

ከሳምንት በኋላ ተጠራን። ሐኪሟ በደሜ የተለካው ነገር ለአራት ወር ፅንስ ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን፣ አከርካሪው ክፍት ሲሆንም እንዲህ ከፍ እንደሚል በእርጋታ አስረዳችን። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማሁም።

በአልትራሳውንድ ስታየኝ ግን ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ፅንሱ ከተጻፈው በአንድ ወር ይበልጣል። ካርዱን አንስታ አነበበች።

"ግንቦት አንድ ይላል። ንፍሮ የሚቀቀልባት ልደታ ናት?"

"ኧረ የለም፤ የዚያን ቀንማ የንፍሮው ሽታ ሲያስመልሰኝ ዋለ። እኔ ያልኩት የሚያዝያዋን ነው።"

ለካ ነርሷ ልደታ ስትባል የግንቦቷ መስላታለች። የእኛ ደብር ደግሞ ልደታ ስለሆነች በየወሩ መባቻ ነው የምንሳለመው። ልኬቱ ለአምስት ወር ፅንስ ደህና ነበር። ሐኪሟ አከርካሪውን ከላይ እስከ ታች አሳየችን፤ ገጥሟል። ያን ጊዜ ደግሞ በደስታ አለቀስኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴን አላስቀመጥኩትም። ለአገር ሁሉ ቀን እየቆጠረ፣ የእኔ ቀን ሲሳሳት እንዴት ዝም አለ?

"የሴት ጉዳይ ነው ብዬ በልቤ ዳዊት እየደገምኩ ነበር" አለኝ።

ሴት ልጅ ወለድን። አሁን ትሮጣለች። ገላዋን ሳጥባት ጣቴን ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ሳላወርድ አልተዋትም። ሐኪሟን አለማመኔ አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። እሷ የምኮረኩራት እየመሰላት ውሃውን ትረጭብኛለች።