ቫን ናይስ የሄደው ልቅሶ

ፅጌ ቀን ቀን ሚድ ዊልሻየር በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ቢሮ በኮምፒውተር ባለሙያነት ትሠራለች። ፌርፋክስ ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን እድር ደግሞ ኮምፒውተር የሚነካ ነገር ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው።

የእድሩ ዳታቤዝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኢሜይሉ ሌላ ሰርቨር ላይ፣ የአባላቱ አድራሻ ያለበት ዳይሬክተሪ ደግሞ ሌላ ቦታ። ሦስቱ አይነጋገሩም። አንድ ሰው ቤት ከቀየረ ሦስቱም ጋ መጻፍ ነው። ፅጌ ኮኔክት አደረገቻቸው፤ ቴስት አደረገች፤ ሠራ።

ብዙም ሳይቆይ የፓሳዴናው ጋሼ ሀብተሥላሴ አበበ ባለቤታቸው አረፉባቸው። የእድሩ ጸሐፊ ለይኩን ዳታቤዙ ላይ መዘገበ፤ መርዶው ከልቅሶው ቤት አድራሻ ጋር በራሱ ጊዜ ለአባላቱ ሁሉ በኢሜይል ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኤልሳቤጥ ደወለች። ቫን ናይስ የሚኖር ሌላ ሀብተሥላሴ አበበ አለ፤ የእሱ ሚስት ናት።

«ፅጌ፣ ቤቴ በለቀስተኛ ተሞልቷል።»

«ማን ሞተ ብለው?»

«እኔ።»

ፅጌ የምትኖርበት አፓርታማ ለእነ ኤልሳቤጥ ቤት ቅርብ ስለነበር ወዲያው ደረሰች። ሰዎቹ ጥቁር ለብሰው ግድግዳውን ተጠግተው ተቀምጠዋል። ያመጡት ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ኤልሳቤጥ የምታደርገው ቢጠፋት ሻይ ታዞራለች። ባሏ ከታክሲ ሥራው ሲመለስ ጥቁር የለበሰውን ሰው አየና በሩ ላይ ቀረ። ሚስቱን ትሪ ይዛ ሲያያት እዚያው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ እትዬ ቀለመወርቅ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ታዲያ እኛ ያለቀስነው ለማን ነው?» አሉ።

ፅጌ ላፕቶፗን ኪችን ውስጥ ከፈተች። ዳታቤዙ ሁለት ሀብተሥላሴ አለው። ዳይሬክተሪው ላይ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ሰው የሚለየው በስምና በአባት ስም ስለሆነ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ የቫን ናይሱን አድራሻ ይዟል። የኢሜይሉ ሰርቨር ደግሞ የልቅሶውን ቤት የጠየቀው ዳይሬክተሪውን ነው። ግን ይህ ከሆነ ቴስቱ እንዴት አለፈ? ከላይ እስከ ታች ደጋግማ አየችው። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ደህና ናቸው።

ፅጌ ስትደውልለት የመጣው ለይኩን አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ሶ፣ ፓሳዴና ማን ሄደ?» አለ።

ማንም አልሄደም ነበር።

ሁሉም ተነሡ። ኤልሳቤጥም ነጠላዋን ለበሰች። «እኔም እመጣለሁ፤ በሟቿ ፈንታ የተለቀሰልኝ እኔ ነኝ» አለች። ምግቡን መኪና ላይ ጭነው ፍሪዌይ ገቡ።

ጋሼ ሀብተሥላሴ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ የተቀመጠበት ግን የለም።

«እድሩ የረሳኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰርቨሩ ዳይሬክተሪውን ሲጠይቅ...»

«የምትይው አልገባኝም፣ ልጄ። ግቡ።»

ኤልሳቤጥ አጠገባቸው ተቀመጠችና እስኪመሽ አልተነሣችም።

በሳምንቱ ፅጌ ሁለቱን ለመለየት የአያት ስም ለመጨመር አሰበች። የቫን ናይሱን ሀብተሥላሴ በስልክ ጠየቀችው።

«የአያቴን ስም አላውቀውም፤ አባቴም ሳይነግረኝ ሞተ» አላት።

ስለዚህ የአባልነት ቁጥር አደረገች። አሁን ይሠራል። ያን ጊዜ ቴስቱ ለምን እንዳለፈ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ለይኩን በጠየቃት ቁጥር የምትመልስለት ይህንኑ ነው።