በውርጭ የሚታመም ማሽን

ብቸና፣ እናቴ ቤት፣ ከቁም ሣጥኑ ጎን አንድ ጥቁር ኮምፒውተር ቀን ከሌት እያንሾካሾከ ይኖራል። ድምፁን ከለመድኩት ወዲህ ሞጣ በተከራየኋት ክፍል ስተኛ እንኳ የሚሰማኝ ይመስለኛል። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የትኛው ከተማ እንዳለሁ የማውቀው እሱን ፈልጌ ሳጣው ነው።

የሠራሁት ለእማዬ ነው። ታናሽ እህቴ ደብረ ኤልያስ ነርስ ሆና ስትሠራ በየቀኑ በስልክ የድምፅ መልእክት ትልክላት ነበር። ቁም ነገር የለባቸውም። ሽሮው አረረብኝ፣ አከራዬ ውሻ አመጣች፣ ጫማዬ ተበጠሰ፣ ዛሬ አንዲት አሮጊት መርፌ ወጋኋቸውና መረቁኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሥራዋን ተወችና ጮቄ ተራራ ሥር ያለ የሴቶች ገዳም ገባች። ቆብ የደፋች ዕለት፣ እንደ ሥርዓቱ፣ በቁሟ ፍትሐት ተደረገላት። እማዬ ከዚያ ስትመለስ ጎረቤቶቻችን እንኳን ደስ ያለሽ ይበሏት ወይስ እግዚአብሔር ያጽናሽ ግራ ገብቷቸው፣ ትንሽ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሄዱ ነበር።

እህቴ ከመሄዷ በፊት ድምፆቹን አጥፉልኝ ብላን ነበር። የዓለም ወሬ ነው፣ ለእናንተም ለእኔም አይበጅም አለች። እማዬ በፍጹም አለች። ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ የተስማሙት መልእክቶቹ ከዚህ ቤት እንዳይወጡና ለማንም እንዳይገለበጡ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ቅጂ የላቸውም። እንዴት ቅጂ አይኖርህም እያሉ ለሚገሥጹኝ የሙያ ጓደኞቼ መልሴ ይኸው ነው፤ ከእናቴና ከመነኮሰች እህቴ ጋር መከራከር የሚሻ ይምጣና ይሞክረው።

ከሁሉም አንዱ ገና አልተሰማም። እህቴ ወደ ገዳሙ ስትሄድ ደብረ ወርቅ አድራ ነበርና ማታውን ከዚያ የላከችው ነው። በማግሥቱ ስልኳን ለሰው ሰጠች። እማዬ ሌሎቹን ማታ ማታ ትሰማለች፤ ያን ግን አልከፈተችውም። እሱን ከሰማሁ አለቀ ማለት ነው ትላለች። እኔም የእሷ ነውና ጆሮዬን ጣል አላደረግሁበትም።

መጀመሪያ ሁሉንም ፍላሽ ላይ አድርጌላት ነበር። አንድ ቀን ፍላሹ ሲሰካ አልነበብም ብሎ ግማሽ ቀን አስለምኖኝ በመጨረሻ እሺ አለ። ያን ግማሽ ቀን ጠላቴ አይየው። ብዙም ሳይቆይ የእማዬ ስልክ ውኃ ገባውና ሞተ። ያኔ ነው ሁለት ዲስክ ገዝቼ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር የሚይዙበትን ማሽን የሠራሁት። ፍላሹም ያለውን ካወጣሁለት በኋላ ዳግመኛ አልተነበበም። ለእማዬም አንድ አሮጌ ስልክ ላይ ትልቅ ቁልፍ ሠራሁላት። ስትጫነው ማሽኑ የእህቴን ድምፅ ያሰማታል።

ሞጣ ኮምፒውተር የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቀላል ነገር አይጥመኝም። አንድ ተራ ኮምፒውተር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ከሥር ሊኑክስ የሚባለውን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ጫንኩ፤ ሊኑክሱ ውስጥ ደግሞ በሶፍትዌር ብቻ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርኩና ዲስኮቹን እንዲጠብቅ እሱን ሾምኩት። ለተማሪዎቼ መለማመጃ የሚሆኑ ሌሎች ኮምፒውተሮችም በዚያው ውስጥ ላኑርበት ብዬ ነው እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ውስጥ ቤት መሥራት ደስ ስለሚለኝ ነው። የውጭኛው አስተናጋጅ፣ የውስጠኛው እንግዳ ይባላል። ዲስኮቹ የተሰኩበትን ካርድ አስተናጋጁ እንዳለ ለእንግዳው ያስረክበዋል። ካስረከበ በኋላ ዲስኮቹን አያይም፣ አይነካም። ሁለቱም እኩል ከነኳቸው ያለው ነገር ሁሉ ይበላሻል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት ጥጧን እየባዘተች ሰማችኝና፣ ሰጥቶ አለማየት ምን እንደሆነ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ አለፍን።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት እማዬ ደወለች።

"ዝም አለች" አለችኝ።

ማሽኑ ተበላሸ አላለችም። ከሞጣ ሆኜ በኢንተርኔት ገብቼ አየሁት። አስተናጋጁ ደህና ነው፤ እንግዳውም በሕይወት አለ፤ ዲስኮቹ ግን በቦታቸው የሉም። ሊኑክሱ ካርዱ አልመልስ አለኝ ከማለት በቀር የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። እንግዳውን አጥፍቼ አስነሣሁት። ምንም። ይህ ካርድ አንዴ ካኮረፈ እንግዳውን ብቻ ማስነሣት አይበቃም፤ መላው ማሽን ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ቆይቶ መሰካት አለበት። እማዬ ነቅላ ሰካችው፤ ዲስኮቹ ተመለሱ፤ እህቴም አከራይዋ ስላመጣችው ውሻ ማውራቷን ቀጠለች።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ጠፉ። ከዚያም ደጋገመው። በሥራ ላይ ሳሉ እንዲህ ድንገት መቆራረጥ ለዲስኮች ክፉ ነው፤ አንድ ቀን ሁለቱም ተያይዘው ሄደው እንደሚቀሩ ታየኝ። ያን ጊዜ ያልተሰማው መልእክትም አብሮ ይሄዳል። እባክሽ እማዬ አሁን ስሚው፣ ሳይጠፋ ስሚው ብዬ ለመንኳት። ማሽንህን ጠግን አለችኝ፤ የምትሰማበትን ቀን የምትቆርጠው ራሷ መሆኗንም ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ብቸና መመላለስ ያዝኩ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የሚከፍት የለም፤ ከፍቶም የሚማረው የለም፤ ነፋስ ሊያስመታን ነው ወይ ተብሎ በአንድ አፍ ይወርዱበታል። በሰው ትንፋሽ እንደታፈንን ጉንደ ወይንን ስናልፍ እንቅልፍ ይጥለኛል። በእንቅልፌ ውስጥ ያ ማሽን ውስጥ እገባለሁ። አንዱን ክፍል ከፍቼ ስገባ ሌላ ክፍል አለ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፤ በመጨረሻው ክፍል እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትስቃለች። ስነቃ ጮቄ በስተቀኝ ጉም ለብሶ ቆሟል። የትኛው ሸንተረር ሥር እንደምትኖር በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ አላገኘውም፤ ደብረ ወርቅ እንገባለን።

መጀመሪያ ያማኋት መብራት ኃይልን ነው፤ ስታቢላይዘር ገዛሁ። አልበጀም። ቀጥሎ አስተናጋጁን ጠረጠርኩ። ሲነሣ ለእንግዳው የተሰጠውን ካርድ እጁን ሰዶ ይነካ ይሆናል ብዬ፣ ገና ከመነሻው እንዳያየው አድርጌ አሰርኩት። አልበጀም። ገመዶቹን ቀየርኩ። ከዚያ ካርዱን ከአዲስ አበባ ያስመጣልኝ የሞጣ ነጋዴ ወዳጄ ሱቅ ሄጄ፣ ያገለገለ ዕቃ አሸከምከኝ ብዬ ቱግ አልኩበት። እሱ ምንም ሳይመስለው ሌላ ካርድ አውጥቶ ሰጠኝና፣ ይኸኛውም ካኮረፈ ጠበኛው አንተ ነህ ብሎ ሳቀብኝ። አዲሱም አኮረፈ።

ያሳበደኝ ደግሞ ብርዱ ነው። እማዬ በደወለች ቁጥር ትናንት ማታ እንዴት ያለ ውርጭ ወረደ መሰለህ ትላለች፤ ባልደወለች ሰሞን ሌሊቱ ለስላሳ ነበር። ማሽን ብርድ ይወዳል። የሚገድለው ሙቀት ነው። በተለይ ይህ ካርድ ትልልቅ የማሽን አዳራሾች ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ እየመታው እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ፣ ሲጀመር ጀምሮ የኮምፒውተሩን ጎን ክፍት ትቼ ፊት ለፊቱ ቬንትሌተር አቁሜበት ነበር። በሄድኩ ቁጥር በእጄ እዳስሰዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ቬንትሌተሩም እንደ ጉድ ይነፍሳል። እኔ ባለሁበት ሌሊት አንድም ቀን አልታመመም። ሐኪም ሲያይ የሚድን በሽተኛ ነው እያልኩ እበሳጭ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ማሽኑን ሳይሆን የራሴን አእምሮ መጠርጠር ጀመርኩ።

ተማሪዎቻችን ፈተና የጨረሱ ሰሞን፣ ለእማዬ ሳልደውል፣ በሥራ ቀን ተነሥቼ ሄድኩ። ስደርስ ረፋድ ነው። እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች፤ ቁልፉን ከጎረቤት ተቀብዬ ገባሁ። ቤቱ ጨለም ብሏል። ከቁም ሣጥኑ ጎን አንድ ነጭ ነገር ተቀምጧል፤ ሰው መሰለኝና ቆምኩ።

ጋቢ ነው። ማሽኑ ከእግር እስከ ራሱ ጋቢ ለብሷል። ሁለት ጊዜ ተደርቦ፣ ዳርና ዳሩ ከሥር ተሸጉጦ፣ ከላይ እንደ መከናነብ ተደርጎ። ድምፁ ከውስጥ ታፍኖ ይሰማል። እጄን ሰድጄ ካርዱን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ስገልጠው የሞቀ አቧራ ሽታ ፊቴን መታኝ።

ጋቢውን አወቅሁት። እህቴ ስትሄድ እማዬ ፈትላ ያሸመነችላት ነው። የገዳሙ እህቶቼ የሌላቸውን እኔ አልደርብም ብላ ትታው የሄደችው።

ቁጣዬ ግን አልተወኝም፤ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ገመድ፣ ነጋዴው ፊት የተቆጣሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ስትገባ እጄ ውስጥ ጋቢውን አየች። ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ስመጣ ስመጣ ታነሺው ነበር ወይ አልኳት። አዎ አለች፤ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው። ማታ ድምፁን ሰምታ ስታበቃ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት ታነሣለች። ውርጭ ያለ ዕለት ታደርብለታለች፤ እንደ ዛሬ የበረታ ከሆነ ደግሞ እስክትመለስ ትተዋለች። ተኝታ ሳለ ያ ቬንትሌተር በተከፈተ ጎኑ ሲነፍስበት ትሰማለች፤ እየሰማች እንቅልፍ እምቢ ይላታል።

"ብረት መሆኑን አጥቼው አይደለም" አለችኝ። "ግን እዚያ ማን ያለብሳታል?"

ያ ሁሉ ቁጣ ወዴት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ነገርኳት። ይህ ዕቃ የሚኖረው በነፋስ ነው፤ ሲሸፈን ይግላል፤ ሲግል ራሱን ይስታል፤ ዲስኮቹም የሚጠፉት ያን ጊዜ ነው። ተማሪዎቼን እንደዚያ ታግሼ አስረድቼ አላውቅም። ሰማችኝ። ጋቢውን ከእጄ ወስዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"እኔ ነኛ ዝም ያሰኘኋት" አለች።

አይደለሽም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ሁሉ መንገድ የተመላለስኩት ምክንያቱን ፍለጋ ነውና፣ አዎ እማዬ፣ አንቺ ነሽ አልኳት። እያልኳት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ልጇ የሄደች ዕለት በር ላይ ይዛት እንደነበረ፣ እህቴም እጇን አንድ ጣት አንድ ጣት እያለች እንዳላቀቀችው ነገረችኝ። እኔ ያን ቀን ሞጣ ነበርኩ፤ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጋቢውን አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ምሳ በላን። ከሰዓት በኋላ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አስመረመርኳቸው፤ ከጥቂት ጭረት በቀር ሙሉ ናቸው። የጎደለ መልእክት የለም። ይህንን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና ጥጧን መባዘት ቀጠለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ዘልቃ ማሽኑ ላይ ቆየች፤ ቬንትሌተሩ አቧራዋን ወዲያ ወዲህ ያንሳፍፋታል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም፣ ብቻ ልቤ አርፎ ነበር።

ሲመሽ አካባቢ ያን አሮጌ ስልክ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"የደብረ ወርቁን ክፈትልኝ" አለች።

እርግጠኛ ነሽ ወይ አላልኳትም፤ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ፈርቼ ቶሎ ከፈትኩት። እህቴ ደክሟታል፤ ከኋላዋ መኪና ያልፋል።

"እማዬ፣ ደህና ደርሻለሁ። እግሬን ትንሽ አሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። አደራሽን፣ እየተነሣሽ በር በሩን እንዳታዪ። ከእንግዲህ መሸባት ብለሽ አትጨነቂ። ቤቷ ገብታለች በይ። መቀርቀሪያውን ዝጊና ተኚ።"

ይኸው ነው፤ አለቀ። እማዬ ድገምልኝ አላለችም። ተነሣችና ወደ በሩ ሄደች። ቀን ስትወጣ የምትቆልፈውን በር፣ ማታ ማታ መለስ አድርጋ ብቻ ስትተኛ እንደኖረች ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። የውስጡ መቀርቀሪያ ዝጎ እምቢ አላት። ልረዳት ስነሣ በእጇ ተቀመጥ አለችኝ። በሁለት እጇ ይዛ ገፋችው፣ ደግማ ገፋችው፣ በሩም ተዘጋ።