የሥላሴ ዕለት የዘራሁት ገብስ

ስደተኛ የሚወጣው በጨለማ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከአገሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ስማዳ ሁሉ ወደ ወገዳ ሲተም እያየኝ ነው። ሌሊቱን ልውጣ ብዬ ስንቄን ቋጥሬ ነበር፤ ኋላ እልህ ያዘኝ። ምን ሰርቄ ነው ተደብቄ የምሄድ? አልሁና ጎህ ቀዶ፣ መንገዱ ሰው እስኪሞላ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ለካ ሞኝነት ኖሯል። በሌሊት ብወጣ ቢያንስ ሰላምታ የሚነፍገኝ ሰው አላገኝም ነበር። ከደጃችን እስከ ወገዳ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ "ወዴት ነው?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። እናቴ ይህን ሳታይ ቀድማ መሞቷን ያን ዕለት አመሰገንሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አባቴ ቄስ አለሙ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። "አባ፣ መሄዴ ነው" አልኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ገጹን ገልጠው ንባባቸውን ቀጠሉ። ታናሽ እህቴ እናኑ ብቻ እስከ ወንዙ ተከተለችኝ። "ጎታው ውስጥ ያለውን ገብስ ምን ላድርገው?" አለችኝ እያለቀሰች። "የሚበላው ካገኘሽ ስጪው" አልኋት። የሚበላው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የገብሱን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። በልጉ ቀርቷል፤ ክረምቱም ሰኔን ዘልሎ ሐምሌ ገብቶ ጠብ አላለም። እኔና ጎረቤቴ ሞላ አንዳንድ በሬ ነበረን። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ በሬዎቻችንን አቀናጅተን በተራ እናርሳለን፤ ሁለት ቀን እኔ፣ ሁለት ቀን እሱ። የኔ ተራ ሐሙስና ዓርብ ዋለ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ያ የናፈቅነው ዝናብ ወረደላችሁ፤ አቤት ደስታ! ዓርብ ግን የሐምሌ ሥላሴ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው። ሰኞና ማክሰኞ በሬዎቹ የሞላ ናቸው። ተራዬ እስኪመለስ መሬቱ ደርቆ ሸክላ ሊሆን ነው።

ዓርብ ጧት ሰዉ ሁሉ ቅዳሴ ሄደ፤ አባቴም ለመቀደስ ገቡ። እኔ በሬዎቹን ጠመድሁ። ከበሮው ከደብሩ ይሰማኛል፣ እኔ እርፍ ጨብጫለሁ። ፈራህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ፈርቻለሁ። "እናንተም የሆዴን ታውቃላችሁ" እያልሁ ለሥላሴዎች እየነገርሁ ዘሬን ዘራሁ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ።

ሞላ እየሮጠ መጥቶ በሬውን ከቀንበር ፈታ። "አንተ ብትሽር ሽር! በሬዬን ስለምን በዓል ታስሽረዋለህ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሬው ምን ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ጠፋ። ሌላው ሰው ሰኞ የዘራው አፈር ውስጥ እንዳለ ደርቆ የወፍ ሲሳይ ሆነ። የኔ ግን እርጥቡን አግኝቶ በቅሎ ስለነበር፣ ነሐሴ ላይ ትንሽ ካፊያ ሲጥል ነፍስ ዘራ። ጉድ በሉ እንግዲህ! ያ ሁሉ ተዳፋት ነድዶ፣ ከመሐሉ የኔ ማሳ ብቻ ለምለም። ሰው ኃጢአቱን ሸፍኖ ይኖራል፤ የኔ ኃጢአት ግን ከወገዳ መንገድ ላይ ይታይ ነበር።

ሰባት ቀን ምህላ ተያዘ። በመጨረሻው ቀን ሕዝቡ "ሰማዩን የዘጋብን ይለይልን" ብሎ ጮኸ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ስሜን አልጠሩም። "የሥላሴን በዓል ሽሮ ካረሰው ጋር የሚያጭድ፣ እሳት የሚሰጠው፣ ከዚያ እህል የሚቀምስ ውጉዝ ይሁን" አሉ። ድምፃቸው ከመሐል ተሰበረ፤ ግን ጨረሱት። ልጄ ነው ብለው ቢያልፉኝ ምኑን ካህን ሆኑት? ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ አልዋጥልህ አለኝ እንጂ።

ብቻዬን አጨድሁ፣ ብቻዬን ወቃሁ። አገሩ ተራበ። ገብሱን በቁና ይዤ በየደጁ ዞርሁ፤ ልጆች ዓይናቸው ቁናው ላይ ተተክሎ እያየሁ፣ እናቶች በር ዘጉብኝ። እናኑ ቂጣ ጋግራ ለአባቴ ብታቀርብ "ይህን ከምቀምስ አፈር ልብላ" ብለው ገፉት። ከዚያ የርዳታ ስንዴ በጆንያ መጣ። ሁሉም ተሰልፎ ተቀበለ፤ ፈጭቶ በላ። ያን ስንዴ ፈረንጅ በየትኛው በዓል እንደዘራው አንድም ሰው አልጠየቀም። ያንገበገበኝ ይኸ ነው። ያስወጣኝም ይኸው ነው።

ከደብረ ታቦር ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ገዳሪፍ። ሰሊጥ አጨዳው ላይ ከጋይንትም ከእስቴም የመጣ ሰው ሞልቷል። ምሳ ላይ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዝናቡን ማን ወሰደው? የእስቴው ሰውዬ "ባሕር ዛፉ ነው፤ ምንጩን መጥጦ ጨረሰው" ይላል። የጋይንቱ "ዱሩን መንጥረን ስናበቃ ደመናው ምኑን ብሎ ይምጣ?" ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ፈረንጅ ጨረቃ ላይ ከወጣ ወዲህ ሰማዩ ተበላሸ ብለው ይምላሉ። አንድ ቀን "አንተሳ ቢያድግልኝ፣ ምን ትላለህ?" አሉኝ። "እኔ ነኝ የወሰድሁት" አልኋቸው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከወጣሁ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ካርቱም አምስት ዓመት የሰው ግቢ ጠበቅሁ። ከዚያ ያለው በረሃና ባሕር ነው፤ እሱን አልጽፈውም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አይየው። መጨረሻዬ ሆላንድ ሆነ።

እዚህ የስደተኞች ቢሮ መርማሪው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

"መንግሥት አስሮሃል?"

"አላሰረኝም።"

"በሃይማኖትህ በድለውሃል?"

"ኧረ በዳዩስ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን አሳደደህ?"

"ዝናብ።"

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። "ጋሼ፣ በሞቴ፣ ዝናብ ብዬ ልተርጉምለት?" አለኝ። ተርጉም አልሁት። ፈረንጁ ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገና "ዝናብ የሚል ቦታ የለውም" አለ። ሁለት ጊዜ እምቢ ተብዬ በሦስተኛው ወረቀት ሰጡኝ፤ በምን እንደሰጡኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አገሩ ዝናብ የማይሰለቸው አገር ነው። ሰዉ ግን ዝናብን ይሰድበዋል! "መጥፎ አየር" ይሉታል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ አፌን በእጄ ያዝሁ። እኛ ጠብ ባለ ቁጥር ተመስገን የምንል ሰዎች፣ እንዴት ሰው ሲሳዩን ይሰድባል? ዳቧቸው ቀዝቃዛ፣ ድንቻቸው አልጫ፣ ሰላምታቸው አጭር። አንድ ሰው እንኳ ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ደህና መሆናቸውንስ ከሩቅ አያለሁ፤ ላሞቹ በሣር ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ።

የቤት አከራዬ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። እመቤት እንደማለት "ሜቭራው" እላታለሁ። አንድ የብርድ ሌሊት ማሞቂያውን ለኩሼ መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ፤ ጭስ የሌለው እሳት ያፍነኝ ነበርና። ደረጃውን እያንኳኳች ወጣች።

"አንተ ሰው፣ ውጪውን ነው የምታሞቀው?"

"ይሙቅ ሜቭራው፣ እሱም በርዶታል።"

"ዓለም የጋለው እኮ እንዳንተ ባሉ ሰዎች ነው!"

በሣቅ ልሞት። ስማዳ ሰማይ ዘጋህ ተባልሁ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ደግሞ ዓለምን አጋልህ ተባልሁ። ሣቄን ስጨርስ ግን አለቀስሁ። አሮጊቷ ደንግጣ ሻይ አመጣችልኝ።

እንዲህ እያልሁ ስኖር፣ አንድ ቅዳሜ አንዲት ልጅ በሩን አንኳኳች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የሰውን አስተያየት እየዞረች ትጠይቃለች። ቅጹን አነበበችልኝ። "የአየር ንብረት ለውጥ መንስኤው ምን ይመስልዎታል? በዋናነት ሰው፣ በዋናነት ተፈጥሮ፣ ሁለቱም፣ ወይስ አላውቅም?"

"የእግዜር ቁጣ የሚል የለውም?" አልኋት።

"የለውም" አለች በትሕትና። ቡና ቀዳሁላትና እስቲ አንቺ ንገሪኝ አልኋት። ፋብሪካውን፣ መኪናውን፣ ያ ሁሉ ላም እያገሳ የሚያወጣውን ሳይቀር ዘረዘረችልኝ። ጭሱ ከኛ አያቶች ዘመን ጀምሮ ሰማይ ላይ እንደተጠራቀመ ነገረችኝ። "የናንተ አገር ገበሬ እዚህ ውስጥ ጥፋቱ ከቁጥር አይገባም። በአብዛኛው እኛ ነን" አለች።

"እናንተ ናችሁ?"

"በአብዛኛው።"

"እስቲ ይህን ጻፊና ፈርሚልኝ" አልኋት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ስለነገርኋት ስለዚያ ዝናብ ስለጠፋበት ክረምት ግን መማል እንደማትችል ነገረችኝ። እኔ መሐላዋን አልጠበቅሁም። ቅጹን ሐሙስ መጥተሽ ውሰጂ ብዬ ሸኘኋትና ስልኬን አነሣሁ።

ለእናኑ በየበዓሉ እደውልላት ነበር። አባቴ ግን እህህ ሲሉ ከመስማት በቀር ስልክ ላይ ቀርበው አያውቁም። ያን ቀን "በሥላሴ ስም አቅርቢልኝ" አልኋት። ቀረቡ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

"አባ፣ ያ ዝናብ የጠፋው በኔ አልነበረም" አልኋቸው፤ ልጅቱ ያለችኝን ሁሉ ሳልተነፍስ ነገርኋቸው።

"ጭስ ነው ያልኸው?"

"ጭስ ነው አባ። የፈረንጅ ጭስ።"

"ፈረንጆቹ ራሳቸው አመኑ?"

"አምነዋል።"

"ንስሐስ ገቡ?"

"ኧረ የምን ንስሐ አባ፣ ቅጽ ነው የሚያስሞሉ።"

"ቅጽ!" ብለው ደገሙት። ኋላ ያ ድምፅ፣ ያን ዕለት ደብሩ ላይ የተሰበረው፣ እንደገና ተሰበረ።

"እንግዲያ ልጄ፣ እኔ ያወገዝሁህ በምንድን ነው? አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የተቀመጥሁ በምንድን ነው?"

ወገኖቼ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት ቀን ይህች ነበረች። ገዳሪፍ ፀሐይ ሲጠብሰኝ፣ ባሕሩ ላይ ነፍሴ ስትወጣ፣ አንድ ቀን ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ያውቃሉ እያልሁ ነው የኖርሁ። "በከንቱ ነው አባ" ማለት ብቻ ቀርቶኛል። ከንፈሬ ላይ ደርሳለች። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ያባረሩ፣ ከዚያች ቃል በኋላ እንዴት አድርገው ያድራሉ? አንጀቴ አልቻለም።

"ተዉት አባ፣ ፈረንጅ ያለውን ሁሉ ያምናሉ እንዴ?" አልኋቸው። "እኔ ነኝ። በዓል ሽሬያለሁ። ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ ቶሎ ብለው፣ ሲጠብቁት እንደኖሩ ሁሉ። "ይፍታህ ልጄ፣ ይፍታህ፣ ይፍታህ።" ከዚያ ቋ የሚል ነገር ጆሮዬን መታኝ። መስቀላቸውን ስልኩ ላይ ማሳረፋቸው ነው። እኔም ስልኩን ግንባሬ ላይ አድርጌ፣ በከንፈሬ ተሳለምሁት።

ሐሙስ ልጅቱ መጣች። ቅጹን አይታ "ይህችን የመንስኤዋን ጥያቄ ረስተዋታል" አለችኝ።

"አልረሳኋትም። ሰው ነው በይ።"

"በዋናነት ሰው?"

"አዎ፣ ሰው።" ደስ ብሏት ምልክቷን አድርጋ ሄደች።

በማግሥቱ እናኑ ደወለች። እሷ ደውላልኝ አታውቅም፤ ደነገጥሁ።

"አባ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ያን ጎታ አስከፈቱኝ።"

"የቱን ጎታ?"

"ያንተን ገብስ ነዋ። ከሄድህ ጀምሮ አፉን በእበት መርገው ዘግተውት ነበር፤ ማንም እንዳይነካው። ዛሬ ጧት 'ልጄ ተፈቷል፣ ገብሱም ተፈቷል። አንድ እፍኝ ቆልተሽ በሶ አርጊልኝ፣ የልጄን ገብስ ልቅመስ' አሉኝ።"

"ቀመሱ?"

ማልቀስ ጀመረች። "ነቀዝ ጨርሶታል ወንድሜ። እጄን ብሰድ አቧራ ነው። ልቅም አድርጌ ብፈልግ አንዲት ደህና ፍሬ አላገኘሁም።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ። ጎታውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል።"

ስልኩን ስጫቸው አልኋት። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ የኔም ይሰማቸው ይሆናል። መስኮቴን ዝናቡ ይመታው ነበር፤ ያ ድምፅ እዚያ ድረስ ደረሰ መሰለኝ።

"እዚያ ይዘንባል?" አሉኝ።

"ይዘንባል አባ።"

"ተመስገን በል" አሉኝ።