ዓዛርያስ ብዙ ነው

ዛሬ መካነ ሰላም መናኸሪያ እናቴ ዐረብ አገር የሚሄደውን ወንድሜን «ዓዛርያስ!» ብላ ስትጠራው ሦስት ጎረምሶች ዞሩ።

ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት ስለነበር፣ እሱ ሲወለድ ሞት እንዳይከተለው እንደ አገሩ ወግ ለጎረቤታችን ለሸህ ሙሄ በእፍኝ ገብስ ሸጠችው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና እውነት መስሎኝ አለቀስኩ። ሸሁ ቅቤ ቅቤ የሚሸተውን ሕፃን እንደታቀፉ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እዚሁ ነው የሚያድገው» አሉኝ። «ቄሱን ጠይቄያለሁ፤ በመጽሐፋችሁ ዓዛርያስ የሚባል ብዙ ነው አሉ። እንዲያ በሉት። ሞት ቢመጣ የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ኢንሻአላህ።»

አሁን እናቴ የዞሩትን ሦስቱንም አንድ በአንድ አገላብጣ ሳመቻቸው። ቆሞ ለሚያይ፣ የትኛው ልጇ እንደሆነ አይለይም።