ሳይሰሙ ማስታረቅን የተዉት ሽማግሌ

ጋሽ ወንድይፍራው አርፈዋል። መርዶውን በስልክ የሰማችሁ ብዙ ናችሁ፤ ላልሰማችሁ ግን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሳምንታት ከተኙበት ሆስፒታል ሳይወጡ፣ እዚሁ ኦስሎ በሞት እንደተለዩን በታላቅ ሐዘን እነግራችኋለሁ። እንደ አባት የማያቸው ሰው ነበሩ።

አውቶቡስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በኦስሎው ሃውገሩድ ሰፈር ያለን አበሾች ግን የምናውቃቸው በሽምግልናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ለሁለት ሲከፈል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጣሉ። የቀረበላቸውን ምግብ ግን አይነኩም። «እርቁን ሳትሰጡኝ እህል አልቀምስም» ይላሉ። የተጣሉትም ሽማግሌ አስርቦ መስደድ ነውር ነውና ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይታረቁላቸዋል። እኔ ረጅም ክርክር የመስማት ትዕግሥት የለኝም፤ ስንቱን ጠብ እንዲህ በረሃብ አድማ ሲጨርሱት እያየሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራውና እኔ በምንኖርበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ሰሚር የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይኖራል። ሊባኖስ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ የተወለደ ፍልስጤማዊ ነው፤ አያቶቹ ሃይፋ አጠገብ ከነበረች መንደራቸው ተባርረው ነው እዚያ የደረሱት። ከእሱ በታች ኖርዌጂያዊ ያገባች እስራኤላዊት አስተማሪ አለች፤ ስሟ ሩት ነው። ወንድሟ ኢየሩሳሌም ውስጥ አውቶቡስ ላይ በፈነዳ ቦምብ ሞቶባታል። ለዓመታት በሰላምታ ብቻ ኖሩ። በፈረንጆች 2014 ሐምሌ ላይ ጋዛ በቦምብ ስትደበደብ፣ ወደ እስራኤል ከተሞችም ሮኬት ሲተኮስ ሰላምታውም ቀረ። በመስከረም መጨረሻ፣ ነዋሪው ሁሉ ወጥቶ ግቢውን በሚያጸዳበት በዱግናድ ቀን፣ ቅጠል ሲጠርጉ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ሰሚር መጥረጊያውን ወርውሮ ሄደ፤ ሩት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጋሽ ወንድይፍራው ይህን አይተው ዝም አይሉም። «ይህች ከተማ የሁለቱን ሕዝቦች መሪዎች አገናኝታለች፤ እኛ ሁለት ጎረቤት ያቅተናል?» አሉኝ። ኖርዌጂኛቸው ከሰላምታ ብዙም ስለማያልፍ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሁለቱንም በሕንጻው የጋራ ክፍል አስቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው የቀረበውን ዳቦ ሳይነኩ፣ «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። ተነሡና ይቅር ተባባሉ» አሏቸው።

ሰሚር ተነሣ፤ የተነሣው ግን ለመሄድ ነበር። «እኔ ምን አጠፋሁ? መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ» አለ። «የሰላም ስምምነቱ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል፤ ዘመዶቼ ግን ዛሬም ካምፕ ውስጥ ናቸው። የተጠየቅነው ሁልጊዜ እንድንጨባበጥ ነው፤ ምን እንደተደረግን የጠየቀን የለም።»

ሩትም «ኔይ፣ አይሆንም፣ የወንድሜ ሞት የጎረቤት ጠብ አይደለም» ብላ ወጣች።

ጋሽ ወንድይፍራው ዳቦውን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። አገር ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ ወንድማቸውን ጠቁሞ ካስያዘው ሰው ጋር ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸው ነበር። «አቀፍኩት» አሉ። «ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ፣ በሉ፣ ጠጡ። ወንድሜ የት እንደተቀበረ ግን የጠየቀልኝ አልነበረም። ዛሬ እኔም በዚህ ልጅ ላይ ያንኑ አደረግኩበት።» ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ የሰሚርን በር አንኳኩ። ባለቤቱ ሩዝና ዶሮ አቀረበች። እኔ እንደማይነኩ ለመንገር አፌን ስከፍት እጃቸውን ታጥበው መብላት ጀመሩ። «ለማስታረቅ አልመጣሁም በይው። የአያቶቹ መንደር የት እንደነበረች እንዲነግረኝ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ሰሚር እስኪመሽ አወራ፤ እሳቸውም በኖርዌጂኛ «ያ፣ ያ»፣ አዎ፣ አዎ እያሉ ሰሙት። በሌላ ቀን ደግሞ ሩት ቤት ሄደው የወንድሟን ፎቶግራፍ ተቀብለው፣ ስለ ልጅነቱ እየጠየቁ አብረዋት አዘኑ።

እንዲህ ሲመላለሱ ዓመታት አለፉ። ከሁለቱ ማንንም «ተዪው፣ ተወው» አላሉም። አንድ ቀን ግን ሩትን እንዲህ አሏት፦ «ልጆችሽ ያለ ፍርሃት መተኛት አለባቸው። የሰሚር ልጆችም አገርና መብት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ከጎደለ እኔ እርቅ አልለውም። አንቺ አገር አለሽ፤ እሱ የለውም። ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ ጠይቂው፤ ሲነግርሽም መልስ አትስጪው፣ ስሚው ብቻ።» ሩት «ከጠየቅኩት ወንድሜን የካድኩት ይመስለኛል» አለች። አልተጫኗትም። ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ግን በሄድኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ጠየቀችው?» ነበር። ገና ነው ስላቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ያ ያቃጥለኛል።

ጋሽዬ፣ በቀብርዎ ቀን ሁለቱም መጥተው ነበር። ለየብቻ ቆሙ። አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር ሩት በበረዶው ላይ ወደ ሰሚር ሄደች። «የአያቶችህ መንደር ስሟ ማን ነበር?» አለችው። ነገራት። «ምን አደረግናቸው?» አለችው። ሰሚር ቶሎ መናገር አቃተው፤ በኋላ ግን ተናገረ፣ እሷም አላቋረጠችውም። አልተቃቀፉም። እርቅ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ እርስዎም አይሉትም ነበር። የእነሱ አገር ሰላምም ከዚህ መቃብር ዳር በጣም ሩቅ ነው። እኔ ግን ጥያቄዋን ስሰማ፣ እንደ ልማዴ ልተረጉምልዎት ወደ እርስዎ ዘወር አልኩ። አልነበሩም። ደህና ይሁኑ ጋሽዬ፤ የሁለቱም አባት አብርሃም በእቅፉ ይቀበልዎ።