የእማዬ እልልታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያታለሁ። አሁን ግን መጻፍ ወድጃለሁ፤ እጄ ደስ ብሎት ሲሮጥ ራሴም ይገርመኛል። ደስታው ሳይበርድብኝ ልናገር። እናንተ የምታነቡኝ፣ ስሙኝ።

እኔ ዋሸሁ። የዋሸሁት በእማዬ ነው።

እማዬ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የአባዬ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የምትደውለው በእኔ ነው። ስለዚህ በቤታችን የእማዬ ወሬ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። እዚያው ያለች የመካነ ሰላም ሴት "አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ይዘዋት ሄዱ" ብላ ላከች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም።

አባዬ ለማርያም ዣንጥላ ተሳለ። ጠዋት ለኪዳን፣ ማታ ለጸሎት ይሄዳል፤ እህል መቅመስም ተወ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባም ሴቶቹን ሰብስበው ዱአ ያስደርጉ ነበር። ሁሉም ሲጸልይ እኔ ባዶ ቤት ስልክ ታቅፌ እቀመጣለሁ። እውነቱን ልናገር? በእማዬ ላይ አባዬንም ማጣቴ አናደደኝ። አንድ ማታ እንኳ አብሮኝ እንዲበላ ፈለግሁ። ለእሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ለራሴ ነው የዋሸሁት።

አንድ ጠዋት አባዬ ከኪዳን ሲመለስ "እማዬ ደወለች" አልኩት።

"ምን አለች?"

"ደህና ነኝ አለች። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ።"

አባዬ በቆመበት ተደፍቶ መሬት ሳመ። እትዬ ዘይነባ "አልሃምዱሊላህ!" እያሉ በአጥሩ በኩል መጡ። "በል እንግዲህ ብላ፣ አንተ ይመር! ሴትዮዋ መጥታ አጥንትህን ልትረከብ ነው?" አሉት። ሳቀ። በላ። እኔም አብሬው በላሁ፤ ጣፈጠኝ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ ጣፈጠኝ።

በማርያም ዕለት ዣንጥላውን አስገባ። ቄሱ ስለቱ እንደሰመረ ሲናገሩ ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። እኔም እልል አልኩ። ለምን አልኩ? ዝም ማለት አቅቶኝ ነው? በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ፣ ላልሰማሁት ድምፅ እልል አልኩ!

ከዚያ በኋላ ለእማዬ የሚለምን ጠፋ። ዱአው ቆመ፤ አባዬ ወደ እርሻው ተመለሰ። እንደጠፋች የማውቀው እኔ ብቻ፣ የምለምንላት እኔ ብቻ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ "እባክህ ትደውል" ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። "እንጸልይላት" ለማለት መጀመሪያ "ዋሽቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከእናቴ ነፍስ ኀፍረቴን አስበለጥኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለች። አባዬ አጠገቤ የባቄላ እሸት ይፈለፍላል። "ስልኬን ቀምተውኝ ነው ልጄ፤ ከፋሲካ ወዲህ ድምፃችሁን ስሰማ ይኸው ዛሬ ነው" ብላ አለቀሰች። ድምፅዋ ከስልኩ ጮክ ብሎ ይሰማል። አባዬ እሸቱን ትቶ አየኝ። ስልኩ ሲዘጋ "እንግዲያ ምስጋናውን አስቀድመን ነዋ ያደረስነው። ተመስገን" አለና ወደ እሸቱ ተመለሰ። አልተቆጣኝም።

ለእሱ ልክ ነው። እሱ አምኖ አመሰገነ፣ ፈጣሪም ሰማው። እኔ ግን በአባዬ እምነት ውስጥ አልደበቅም፤ የእኔ እልልታ ውሸት ነበር።

እማዬ በእውነት በደወለችበት ቀን በደጃችን እልል ያለ ሰው የለም። ለጎረቤቱ አዲስ ወሬ አይደለማ። እትዬ ዘይነባ እንደ ማንኛውም ቀን በአጥሩ በኩል "እናትሽ ደህና ናት?" አሉኝ።

"ደህና ናት" አልኩ።

እልልታሽን የበላሁብሽ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስትመጪ ይህን እትዬ ዘይነባ ባሉበት ራሴ አነብልሻለሁ። ይቅር በይኝ የምለው ከዚያ በኋላ ነው።